ያልተከፈለበት ጉልበት

ጥያቄ፦ በሰሜን ተራሮች አካባቢ ባለችው የጃናሞራ ወረዳና በዙሪያዋ ሰው ያለ ክፍያ ለማኅበረሰቡ የሚሠራው ለምንድን ነው?

መልስ፦ በሰሜን ተራሮች ግርጌ የገብስ አጨዳ ሲደርስ ሁለት የተለያዩ ልማዶች ይታያሉ፤ ወንፈል፣ ማለትም ዛሬ የተሠራለት ነገ በዚያው ልክ የሚመልስበት የጉልበት ብድር፣ እና ጅጌ፣ ማለትም ባለ ማሳው ጠላና እንጀራ አዘጋጅቶ ጎረቤቱን የሚጠራበት፣ ውለታው ግን በቀን የማይቆጠርበት የኅብረት ሥራ ናቸው። ከዚህ ተነሥቶ በጎ ፈቃድን የብድር ልዋጭ ብቻ አድርጎ ማየት ይቀልላል፤ ሆኖም በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል የአካባቢው ነዋሪ ከኬንያ የመጣው ሄሊኮፕተርና የእስራኤል ባለሙያዎች ከመድረሳቸው አስቀድሞ እሳቱን በቅጠልና በአፈር ሲታገል የጠራው ባለ ማሳ፣ የቀረበለት ጠላም አልነበረም። በእርግጥ ከፓርኩ የሚገኝ ጥቅም ፈጽሞ የለም ማለት አይቻልም፤ የጓሳ ሣር ለጣሪያ ክዳን ይውላል፣ ጎብኚም ለበቅሎ አከራዩና ለመንገድ መሪው ገቢ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ጥቅም ለቀረውም ለወጣውም እኩል ስለሚደርስ፣ ሰውን ወደ ገደሉ አፋፍ ያወጣው ይበልጡን ይሉኝታ፣ ማለትም በጎረቤት ዓይን የመታየት ስሜት፣ እንዲሁም የፓርኩን እንስሳት ዋልያንና ጭላዳን የራስ አድርጎ መቁጠር ይመስላል።