ለአሮጌ አውቶሞቢል ሞተር ተስማሚውን ቤንዚን ስለ መምረጥ

በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ አሮጌውን መኪና ጠብቆ ማቆየት ለባለቤቱም ለመለዋወጫ ነጋዴውም ከፍ ያለ ጥቅም ያለው ጉዳይ ሆኗል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሶሳ በኩል ወደ ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ የሚወርድ አሮጌ ቮልስዋገን ወይም ላንድሮቨር ነገሩን በግልጽ ያስረዳል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ፣ አሶሳ 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው፤ ግድቡ ሲሞላ የውኃው ወለል 640 ሜትር ላይ ነው። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ያንሳል፤ ኦክቴኑ ዝቅ ያለ ቤንዚንም ሳያስቸግር ይሠራል። ወደ ቆላ ሲወረድ ግን አየሩ ይወፍራል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። ያን ጊዜ ያልነደደው ቤንዚን የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት በራሱ ይፈነዳና ሞተሩ ያንኳኳል። ድምፁ ችላ ከተባለ ፒስቶን እስከ መስበር ይደርሳል።

ኦክቴን ማለት ቤንዚኑ ይህን ፍንዳታ የሚቋቋምበት ልክ እንጂ የኃይሉ ብዛት አይደለም። 7 ለ1 ብቻ የሚጨምቀው የጥንቱ ቮልስዋገን 1200 ውድ ቤንዚን ቢሞላለት ተጨማሪ ጉልበት አያገኝም። 9 ለ1 የሚጨምቅ ሞተር ግን ከፍ ያለ ኦክቴን ይሻል፤ ካልተገኘም መካኒኩ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ ጥቂት ማዘግየት ይገባዋል።

ቀድሞ በቤንዚን ይጨመር የነበረው እርሳስ የቫልቭ መቀመጫዎችን ከመበላት ይጠብቅ ነበር። እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን ሽያጭ በ2013 ዓ.ም. ከዓለም ሁሉ ስለ ቀረ፣ የአሮጌ ሞተር ቴስታታ ሲፈታ ጠንካራ መቀመጫ ያልገባለት እንደ ሆነ ማስገባት ይበጃል።

ከስኳር ፋብሪካ የሚገኘው ኢታኖልም ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በ5 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በ10 በመቶ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ በአዲስ አበባ ተሸጧል። ኢታኖል ኦክቴንን ከፍ ያደርጋል፤ ነገር ግን ውኃ ይስባል፣ የጥንቱንም የላስቲክ ቱቦ ያበላሻል። ስለዚህ አስመጪው ኢታኖልን የሚችል ቱቦና የፓምፕ ላስቲክ ቢያቀርብ ገበያ አያጣም።

ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ኦክቴኑ እጅግ ስለሚወርድ በቆላ መንገድ ሞተርን ያጠፋል። የመለዋወጫ ነጋዴ ዕቃውን ከመሸጡ አስቀድሞ መኪናው ወዴት እንደሚሄድና ምን ያህል እንደሚጨምቅ ቢጠይቅ፣ የደንበኛውን ሞተር ያድናል፤ ደንበኛውንም ለዘለቄታው ያተርፋል።