የጤና ትምህርት፦ የካንሰር መድኃኒትና የአፍ ቁስል

በምሥራቅ አፍሪካ ሕፃናትን ከሚያጠቁት የካንሰር (የነቀርሳ) ዓይነቶች አንዱ ቡርኪት ሊምፎማ ይባላል። ብዙ ጊዜ በመንጋጋ ላይ ያብጣል። በ1958 እ.ኤ.አ. ስለዚህ በሽታ ጽፈው ያሳወቁት በካምፓላ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ዴኒስ ቡርኪት ናቸው። በሽታው ኬሞቴራፒ በሚባሉ መድኃኒቶች ይታከማል፤ በወቅቱ ከታከሙም ብዙ ሕፃናት ይድናሉ። ነገር ግን መድኃኒቱ አፍን ያቆስላል።

ለምን ያቆስላል?
ኬሞቴራፒ ፈጥነው የሚባዙ ሕዋሳትን ይገድላል። የካንሰር ሕዋስ ፈጥኖ ይባዛል፤ የአፍ የውስጥ ሽፋንም እንዲሁ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ ይታደሳል። ስለዚህ መድኃኒቱ ሁለቱንም ይጎዳል። መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ1 ሳምንት ገደማ በኋላ አፍ ይቀላል፣ ይቆስላል። ነጭ የደም ሕዋሳትም ስለሚቀንሱ ጀርሞች በቁስሉ በኩል ወደ ደም ሊገቡ ይችላሉ። ሕመምተኛው መብላት ሲያቅተው ይደክማል፤ ቀጣዩ ሕክምናም ሊዘገይበት ይችላል።

በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ቢኖር ምን ታደርጋላችሁ?
1. የተበላሸ ጥርስ ካለው ሕክምናው ሳይጀመር ለሐኪም ይታይ።
2. ጥርሱን ከምግብ በኋላና ከመኝታ በፊት በለስላሳ ብሩሽ ያጽዳ። የእንጨት መፋቂያ ድድን ሊወጋ ስለሚችል ለጊዜው ይቅርበት።
3. ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውኃ ውስጥ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጡ። በቀን 4 ጊዜ ያህል ይጉመጥመጥበት፤ ግን አይዋጠው። በየቀኑ አዲስ አዘጋጁ።
4. በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ሎሚና የሚያቃጥል ምግብ አትስጡት። ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት፣ የተፈላ ወተት፣ በወተት የራሰ ዳቦ ስጡት።
5. ቁስሉን አትፋቁ፤ ሐኪም ያላዘዘው ነገር አትቀቡበት።

ወደ ክሊኒክ የምትሄዱት መቼ ነው?
ትኩሳቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ምላሱ ላይ ነጭ ነገር ከታየ፣ ድዱ ከደማ ወይም ውኃ መዋጥ ካቃተው ነው። በተለይ ትኩሳት ሕይወት ሊያጠፋ የሚችል ምልክት ነው። ሌሊት ቢሆንም እንኳ የትኩሳት ማስታገሻ ሰጥታችሁ ንጋትን አትጠብቁ።

ካንሰር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ ከታመመ ጓደኛችሁ አትሽሹ። ጉንፋን ወይም ሳል ሲይዛችሁ ግን እስኪሻላችሁ ራቅ በሉ። ጥንቃቄው ለእናንተ ሳይሆን ለእሱ ነው።

ጥያቄዎች
1. የካንሰር መድኃኒት አፍን የሚያቆስለው ለምንድን ነው?
2. የመጉመጥመጫው ውኃ እንዴት ይዘጋጃል?
3. በሌሊት ትኩሳት ቢነሳበት ምን ታደርጋላችሁ?