ስለ እንቆቅልሽ ጨዋታ

ልጆች ሆይ፤ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ቤት የተሰበሰቡ እንደ ሆነ አንዱ ምድር ምድሩን ያያል፤ ሁለተኛው የነጠላውን ጥለት ይነካካል፤ ሦስተኛውም የሚያውቀውን አንድ ባልንጀራ ፈልጎ ከእርሱ ጋር ብቻ ያንሾካሹካል። እንዲህ ያለው ማኅበር በቶሎ እንዲዋደድ አባቶቻችን ያቈዩልን መልካም ጨዋታ እንቆቅልሽ ነው።

ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፤ የምትጠየቀው ሴት ልጅ ብትሆን «እንቆቅልሽ» ይላል፤ ተጠያቂውም «ምን አውቅልህ» ብሎ ይመልሳል። «ራሷ ዕርቃኗን ሆና ሰውን ሁሉ የምታለብስ ማን ናት?» ያሉት እንደ ሆነ ያወቀ «መርፌ» ብሎ ይገላገላል። ያላወቀውን ግን «አገር ስጠኝ» ይሉታል፤ እርሱም ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል፤ ጠያቂውም ባገኘው አገር ላይ ጥቂት ከተኩራራ በኋላ ፍቺውን ይናገራል። የተሸነፈው ልጅ የከፈለው የራሱ ያልሆነውን አገር ነውና ከኪሱ ምንም አልጐደለበትም፤ ቤቱ ግን በሳቅ ተሞላ።

ዋጋው እውነተኛ ገንዘብ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 14 እንደ ተጻፈው ሶምሶን በተምና ሰርግ ባደረገ ጊዜ ለማያውቃቸው 30 ሚዜዎች እንቆቅልሽ ሰጣቸው፤ በ7ቱ የግብዣ ቀን ውስጥ ቢፈቱት 30 የበፍታ ቀሚስና 30 ልዋጭ ልብስ ሊሰጣቸው፤ ባይፈቱት እነርሱ ያንኑ ሊሰጡት ተዋዋሉ። እንቆቅልሹም እርሱ ብቻ ስላየው በአንበሳ ሬሳ ውስጥ ስለ ተገኘ ማር ነበር። ማንም ያላየውን ነገር ማን ይፈታዋል? ሚዜዎቹም ሙሽራይቱን «ካልነገርሽን ከነአባትሽ ቤት እናቃጥልሻለን» ብለው አስፈራሯት፤ እርስዋም አልቅሳ ምሥጢሩን አወጣችው። ሶምሶንም ተቈጥቶ በአስቀሎና 30 ሰው ገደለ፤ የሰዎቹንም ልብስ ገፎ ዕዳውን ከፈለ፤ ሚስቱም ለሚዜው ተሰጠች። በውኑ ይህን ጨዋታ እንበለውን?

እንግዲህ እናንተ ስትጫወቱ ፍቺው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ይሁን፤ እንቁላል፤ ጥላ፤ ጢስ፤ የመሳሰለው ሁሉ። አገር የተቀበለ ልጅ ባልንጀራውን በጨዋታ ቢያሾፍበት አይከፋም፤ ነገር ግን የገላውን ጉድለት ወይም የአባቱን ድህነት አያንሣበት፤ ይህን ያደረገ ከጨዋታው ይውጣ። ንግግር የሚይዘውንም ልጅ ፍቺውን እስኪጨርስ ታገሡት እንጂ አትንጠቁት።

መጀመሪያ የሚጠይቀውን በዕጣ ለዩት፤ አለዚያ ምላሱ የፈጠነው ሁልጊዜ ይቀድማልና። ዕጣውም ከሩቅ አገር መጥቶ በበሩ አጠገብ ዝም ብሎ ለተቀመጠው አዲስ ልጅ የደረሰ እንደ ሆነ ደስ ይበላችሁ። እርሱ በአያቱ ቤት የሰማውን እንቆቅልሽ ይጠይቃችሁ፤ የሚጠይቃችሁ ነገር ምናልባት በየቤታችሁ ያለ ወንፊት ወይም ምጣድ ይሆናል፤ አነጋገሩ ግን ለጆሯችሁ አዲስ ነውና ትቸገራላችሁ፤ አገር ሰጪዎቹም እናንተ ትሆናላችሁ።