ቪቴክ ላይ ድንገት የሚመጣው ጉልበት

ጥያቄ፦ ቪቴክ ያለው ሆንዳ ዙሩ ከፍ ሲል ድንገት የሚበረታው ለምንድን ነው? ከዚህ የተሻለስ ምን ይመጣል?

መልስ፦ ሞተር በዝግታ ሲዞር ቫልቮቹ በጠባቡና ለአጭር ጊዜ ቢከፈቱ ይስማማዋል። ሲፈጥን ግን አየር የሚገባበት ጊዜ ስለሚያጥር በሰፊውና ረዘም ላለ ጊዜ መከፈት አለባቸው። ቫልቮቹን የሚገፋ አንድ ቋሚ ካም ሁለቱንም በሚገባ ማሟላት አይችልም። ሆንዳ በ1989 እ.ኤ.አ. ኢንቴግራ ላይ ባወጣው ቪቴክ ትልቅና ትንሽ ካም አንድ ዘንግ (ካምሻፍት) ላይ አስቀመጠ። ዙሩ ሲጨምር የዘይት ግፊት ትንንሽ ፒኖችን ገፍቶ በካሞቹና በቫልቮቹ መካከል ያሉትን ሮከሮች ያቆራኛል፤ ቫልቮቹም ትልቁን ካም ይከተላሉ። የሚሰማዎት ለውጥ ይኸው ነው። የዚያ ኢንቴግራ 1.6 ሊትር ሞተር ያለ ተርቦ 160 የፈረስ ጉልበት ማውጣቱ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ቪቪቲ-አይ የተባለው የቶዮታ ሥርዓት ግን የሚቀይረው ቫልቩ የሚከፈትበትን ጊዜ ብቻ ነው፤ ስፋቱን አይነካም። ሁለቱም በዘይት ግፊት ስለሚሠሩ ዘይት በጊዜው ይቀይሩ።

እኔ የምመኘው ካምሻፍቱ ጭራሽ እንዲቀር ነው። የስዊድኑ ኮኒግሰግ ቡድን ፍሪቫልቭ በተባለ ሥርዓት እያንዳንዱን ቫልቭ በታመቀ አየር ለየብቻው መክፈት እንደሚቻል አሳይቷል። ይህ ቴክኖሎጂ ርካሽ ሆኖ ተራ የስፖርት መኪና ውስጥ ቢገባ፣ ጉልበቱ ከዝቅተኛው ዙር ጀምሮ ያለ ዝላይ ይመጣ ነበር።