የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን በእጥፍ ቢያድግ ምድር ምን ያህል ትሞቃለች?

የሀዋሳ ሐይቅ ከጥቁር ውሃ ወንዝ፣ ከዝናብና ከአካባቢው ጎርፍ ውሃ ይቀበላል፤ በገጸ ምድር ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ከሚያጣው ውሃ አብዛኛው በትነት የሚሄድ በመሆኑ፣ የሐይቁ ከፍታ በዝናብና በትነት ሚዛን ይወሰናል። ሚዛኑ ወደ አንዱ ሲያጋድል ሐይቁ ወደ ከተማዋ ይጠጋል፤ ወደ ሌላው ሲያጋድል ይሸሻል። ስለሆነም ከላይ ያነሣነው ጥያቄ ለሀዋሳ ነዋሪ የሩቅ ጉዳይ አይደለም።

ስሌቱ የሚነሣው ከኃይል ሚዛን ነው። ምድር ከፀሐይ የምትቀበለውን ያህል ኃይል በኢንፍራሬድ ጨረር መልክ ወደ ኅዋ ትመልሳለች። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከዚህ ጨረር ከፊሉን ያግዳል። መጠኑ በእጥፍ ሲያድግ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 3.9 ዋት ያህል ትርፍ ኃይል ይቀራል። በአንጻሩ ምድር በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስትሞቅ ወደ ኅዋ የምትለቀው ኃይል በካሬ ሜትር በ3.2 ዋት ያህል ይጨምራል። 3.9ን ለ3.2 ስናካፍል 1.2 ዲግሪ እናገኛለን። ሌላ የሚለወጥ ነገር ባይኖር ኖሮ መልሱ ይኸው ነበር።

ይሁንና አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ የውሃ ተን ሊይዝ ይችላል፤ የውሃ ተንም ራሱ ሙቀት አማቂ ነው። በረዶ ሲቀልጥ ብርሃን የሚያንጸባርቀው ገጽ ይጠባል፤ ደመናም ይለወጣል። እነዚህ ለውጦች ግብረ መልስ ይባላሉ። በድምሩ ምድር ትርፍ ኃይልን የማስወገድ አቅሟን ይቀንሱባታል። ለምሳሌ 3.2 ወደ 1.3 ዋት ዝቅ ቢል ሙቀቱ 3 ዲግሪ ይሆናል።

ስቫንቴ አርሄኒየስ እ.ኤ.አ. በ1896 ዓ.ም. በእጅ ስሌት 5 እስከ 6 ዲግሪ ገምቶ ነበር። ሲዩኩሮ ማናቤና ሪቻርድ ዌዘራልድ በ1967 በኮምፒውተር ሞዴል 2.4 ዲግሪ ገደማ አገኙ፤ ማናቤ በ2021 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። በዚያው ዓመት የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል ግምቱን 3 ዲግሪ፣ ሊሆን የሚችለውንም ከ2.5 እስከ 4 አድርጎ አስቀምጧል።

ልዩነቱ ከምን መጣ? ሞዴሎች ከባቢ አየርን ብዙውን ጊዜ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ባላቸው ክፍሎች ከፋፍለው ያሰላሉ። 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው የሀዋሳ ሐይቅ ከአንዱ ክፍል 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ከዚህም የሚያንሱ ደመናዎች በግምታዊ ቀመር ይወከላሉ፤ ቀመሩም ከሞዴል ሞዴል ይለያያል።

በዝናብ ረገድ ችግሩ ይብሳል። ብዙ ሞዴሎች የምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ እንደሚጨምር ሲያመለክቱ፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት የታየው ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዝናብ መቀነሱ ነው። ስለዚህ ከሐይቁ ሚዛን ይበልጥ የሚታወቀው የሙቀቱ ወገን ነው። በየዕለቱ በዝናብ መለኪያና በሐይቁ ዳር የሚመዘገበው ቁጥር ዋጋውም ከዚህ ይመነጫል።

መልመጃ፦ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት በአየር ውስጥ ከሚሊዮን 280 የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዛሬ ከ420 በላይ ሆኗል። እያንዳንዱ እጥፍ 3 ዲግሪ የሚያስከትል ከሆነ፣ መጠኑ በ420 ቢጸና ምድር በመጨረሻ ስንት ዲግሪ ትሞቃለች?

መልስ፦ 3 × ሎጋሪዝም 1.5 ÷ ሎጋሪዝም 2 = 1.8 ዲግሪ ገደማ። ውቅያኖስ ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ይህ ሙቀት በአንድ ጊዜ አይደርስም።