መንገዱ የማን ነው? ሳይክል፣ እግረኛና መኪና በሰኞ ገበያ

መግቢያ

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ በእኔ ላይ የደረሰ አደጋ አይደለም። እኔው ራሴ በሰው ላይ ያደረስኩት ነው።

የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ኮምቦልቻ ከደሴ ጋር ስትነጻጸር ሜዳ ስለሆነች ሳይክል የለመድኩት ገና ልጅ ሆኜ ነው። ደሴ ግን ሌላ ናት። በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ አንዱ ሰፈር ከሌላው በዳገትና በቁልቁለት የሚገናኝባት ከተማ ናት። ኮሌጅ ስገባ ሳይክሌን ይዤ መጣሁ። ዳገቱን እየገፋሁ እወጣለሁ፤ ቁልቁለቱ ላይ ግን ማን ይችለኛል!

አንድ ሰኞ ከክፍል ወጥቼ ወደ ሰኞ ገበያ እየወረድኩ ነበር። ስሙ እንደሚነግረን ሰኞ የገበያው ቀን ነው። ከገጠር የመጣው ሰው ከነአህያው፣ ሸማቹ፣ ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ እህል የጫነው አይሱዙ ሁሉም በአንድ አስፋልት ላይ ይጋፋል። የእግረኛው መንገድ በጉልት ስለሚያዝ እግረኛው የሚሄደው መኪናው በሚሄድበት ነው። ድንች በማዳበሪያ ያዘሉ አንዲት እናት ከቆመ ሚኒባስ ፊት ብቅ አሉ። ፍሬን ያዝኩ፤ አልደረሰልኝም። የሳይክሉ መሪ ክንዳቸውን መታቸውና ወደቁ። ድንቹ ቁልቁል ተንከባለለ።

ወዲያው ሰው ተሰበሰበ። አንድ የባጃጅ ሾፌር፣ «እነዚህ ሳይክል ነጂዎች ታርጋ የላቸው፣ መንጃ ፈቃድ የላቸው፤ ወላሂ መከልከል ነው ያለባቸው!» አለ። በግ የሚጎትት አንድ ሰውዬ ቀበል አድርጎ፣ «አንተስ ብትሆን? ባለፈው ሰኞ እዚሁ በጌን ልትጨርስብኝ አልነበረም?» አለው። የሚኒባሱ ረዳት ደግሞ፣ «እናታችንስ ዜብራ እያለላቸው በዚህ ምን አስገባቸው?» ይላል። እኔ አፍ አውጥቼ አልተናገርኩም እንጂ በሆዴ «ድንገት ገቡብኝ፤ ምን ላድርግ?» እያልኩ ነበር። እሳቸው ግን ክንዳቸውን እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ልጄ፣ ምን አስቸኮለህ?»

መልስ አልነበረኝም። ምንም አላስቸኮለኝም።

ክንዳቸው ተሰብሮ ነበር። አሳከምኳቸው፤ በሽማግሌም ታረቅን። የእኔ የሁለት ወር የኪስ ገንዘብ አለቀ። እሳቸው ግን ስድስት ሳምንት ሙሉ ገበያ ሳይወጡ ቀሩ። ከሁለታችን ብዙ የከፈለው ማን እንደሆነ ለአንባቢ እተወዋለሁ።

የሦስቱ ወገኖች ክርክር

ከዚያ ወዲህ ይህ ነገር በተነሳ ቁጥር ጆሮዬን ሰጥቼ አዳምጣለሁ። ክርክሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው።

ሾፌሮች «ሕዝቡ መንገድ መጠቀም አያውቅም» ይላሉ። ዜብራ እያለ በመሀል ይሻገራል፤ ሳይክል ነጂው በግራም በቀኝም ይገባል፤ ተጠያቂ የሚሆነው ግን ሁልጊዜ ሾፌር ነው። በዚህ ላይ ለባለቤቱ በየቀኑ የሚያስገቡት ገቢ አለ። አንድ ቢያጆ በቀነሱ ቁጥር ከራሳቸው ኪስ ነው የሚወጣው። ይህ እውነት ነው፤ መናቅ የለበትም።

እግረኞች ደግሞ «መሄጃ የት አለንና?» ይላሉ። የእግረኛው መንገድ አንድም የለም፣ አንድም ካለ ሸቀጥ ተዘርግቶበታል። ክላክስ ሲነፋባቸው ወዴት ይሂዱ? ይህም እውነት ነው።

ሳይክል ነጂዎች ያው እኛ ነን። ለመኪናው እንቅፋት፣ ለእግረኛው አደጋ ነን። መኪናው ወደ ዳር ይገፋናል፤ ዳር ስንይዝ እግረኛው ይቆጣናል። ይህም እውነት ነው።

ታዲያ ሦስቱም እውነት ከሆነ ክርክሩ ለምን አያልቅም? በእኔ አስተያየት ሦስቱም የሚከራከሩት ስለ ጥፋተኛው ስለሆነ ነው። ጥፋተኛው የሚፈለገው ሰው ከወደቀ በኋላ ነው። ሰው ከመውደቁ በፊት ነገሩን የሚወስነው ግን ፍጥነት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብም ይኸው ነው።

ፊዚክስ ምን ይላል?

የፊዚክስ ተማሪ ስለሆንኩ አንድ እሑድ በማለዳ፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት፣ ከጓደኛዬ ጋር ወደ ቦታው ተመለስኩ። በሜትር 50 ሜትር ለክተን ሁለት ምልክት አደረግን። እኔ እንደዚያን ቀን ቁልቁል ለቀቅኩት፤ ጓደኛዬ በሞባይሉ ሰዓት ያዘልኝ። 6 ሰከንድ ሆነ። 50 ሜትር በ6 ሰከንድ ማለት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው። እውነቱን ለመናገር ደነገጥኩ። ከዚያ በፊት ቢጠይቁኝ «አሥራ አምስት ቢሆን ነው» ነበር የምለው።

ቀጥሎ እኚያን እናት ካየሁበት እስከ ወደቁበት ለካን። 9 ሜትር ሆነ።

አሁን ስሌቱን አብረን እንሥራ። አንድ ሰው አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ ቢያንስ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በ30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሳይክል በዚያች አንድ ሰከንድ ብቻ 8.3 ሜትር ይጓዛል። እኔ የነበረኝ 9 ሜትር ነው። ስለዚህ ፍሬኑ መያዝ የጀመረው ልደርስባቸው ከአንድ ሜትር በታች ሲቀረኝ ነው ማለት ነው። ለመቆም የሚያስፈልገኝ፣ የሳይክሉ ፍሬን በሰከንድ 4 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል ብለን ብንወስድ፣ በጠቅላላው 17 ሜትር ነበር። በ15 ብሄድ ኖሮስ? ፍሬን እስክይዝ 4.2 ሜትር፣ ከያዝኩ በኋላ 2.2 ሜትር፣ በድምሩ 6.4 ሜትር። ከእሳቸው ፊት ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ቀርቶኝ ቆሜ ነበር። እሳቸው ያው «ድንገት የገቡት» እናት ናቸው፤ እኔም ያው እኔ ነኝ። የተለወጠው ፍጥነቱ ብቻ ነው።

መኪና ላይ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። በደረቅ አስፋልት ላይ ጥሩ ፍሬን ያለው መኪና በሰከንድ 7 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል እንበል። በ30 ኪሎ ሜትር የሚሄደው በ13 ሜትር ገደማ ይቆማል። በ40 የሚሄደው 20 ሜትር፣ በ60 የሚሄደው 36 ሜትር ተኩል ይፈልጋል። አሁን አንድ ልጅ 14 ሜትር ላይ መንገድ ውስጥ ገባ እንበል። በ30 የሚሄደው ሾፌር ልጁ ፊት ቆሞ መስኮቱን ከፍቶ ይቆጣዋል። በ60 የሚሄደው ግን በመጀመሪያዋ ሰከንድ ብቻ 16.7 ሜትር ስለሚጓዝ ገና ፍሬን ሳይረግጥ ልጁን ያገኘዋል። ያውም በሙሉ ፍጥነቱ! ይህ ሾፌር ጨካኝ ወይም ሰካራም መሆን አያስፈልገውም። የዓለም ምርጥ ሾፌር ቢሆንም ውጤቱ ያው ነው። ክረምት ላይ፣ ቁልቁለት ላይ፣ ጭነት ሲጨመር ደግሞ ርቀቱ ከዚህም ይረዝማል።

ሁለተኛው ነገር ካይነቲክ ኢነርጂ የምንለው ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን እሱ አራት እጥፍ እንደሚሆን ሁላችንም ክፍል ውስጥ ተምረናል። እኔና ሳይክሌ አንድ ላይ 80 ኪሎ ብንሆን፣ 1,600 ኪሎ የሚመዝን መኪና በእኔው ፍጥነት ሲሄድ የእኔን 20 እጥፍ ይይዛል። ፍጥነቱን እጥፍ ቢያደርግ ደግሞ 80 እጥፍ። ስለዚህ ሳይክልና መኪና እኩል አደገኛ ናቸው የሚለው የባጃጁ ሾፌር ክርክር ልክ አይደለም። ሳይክል ሰው አይጎዳም የሚለው የእኛ ክርክርም ልክ አይደለም፤ የተሰበረ ክንድ አይቻለሁ።

በሌላ መንገድ ለማየት፣ ከ3 ሜትር ተኩል ከፍታ የወደቀ ሰው መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ 30 ኪሎ ሜትር ነው። 60 የሚሆነው ከ14 ሜትር ሲወድቅ ነው፤ ይህ የአራት ፎቅ ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሞት የሚያስከትል አደጋ በ4 በመቶ እንደሚጨምር ይገልጻል። በድርጅቱ እ.ኤ.አ. የ2023 ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል።

«እሺ፤ ግን እኮ ሥራ ነው፤ ጊዜ ገንዘብ ነው» ለሚል ሾፌርም ስሌት አለኝ። ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚሆን የገበያ መንገድ በ60 ሲታለፍ 30 ሰከንድ፣ በ30 ሲታለፍ 60 ሰከንድ ይፈጃል። ልዩነቱ ግማሽ ደቂቃ ነው። አንድ ረዳት «አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ከሚያቆመን ጊዜ ያንሳል።

ሕጉና ሌላው ዓለም

በአገራችን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208/2003 የፍጥነት ወሰንን በተሽከርካሪው ክብደትና በመንገዱ ዓይነት ለይቶ ደንግጎ ነበር። በከተማ ውስጥ ለአነስተኛ መኪና እስከ 60 ኪሎ ሜትር ይፈቅድ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ደንብ ቁጥር 557/2016 ወጥቷል። ሕግ የለም ማለት አንችልም።

የእኛ ችግር ግን አንድ የተለየ ጠባይ አለው። በደሴና በኮምቦልቻ የሚያልፈው ዋናው አስፋልት ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚወስደው አውራ ጎዳና ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወጣው መንገድም የወደብ ጭነት ያመላልሳል። ሰዓታት ሙሉ በገጠር መንገድ ሲነዳ የቆየ ሾፌር ዓይኑ ፍጥነት ይለምዳል። ከተማ ሲገባ 60 እንደ መቆም ይመስለዋል። ለሐረጎ ጠመዝማዛ የሚጠነቀቅ ሾፌር ለገበያ መሀል ላይጠነቀቅ የሚችለው ለዚህ ነው። ገደሉ ለራሱ ያስፈራዋል፤ ገበያው ግን የሚያስፈራው እግረኛውን ነው።

በሌላው ዓለም የተያዘው አቅጣጫ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በስቶክሆልም የተሰበሰቡ አገሮች እግረኛ፣ ሳይክልና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ የሚል መግለጫ አወጡ። ስፔን እ.ኤ.አ. በ2021 በየአቅጣጫው አንድ መስመር ብቻ ባላቸው የከተማ መንገዶች ላይ 30ን ሕግ አደረገች። በእኛም አገር በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው «መንገድ ለሰው» መንገድ ለመኪና ብቻ እንዳልተሠራ ለሕዝቡ ያሳየ ነው። የቅርብ ጊዜው የኮሪደር ልማትም በየከተማው የእግረኛና የሳይክል መንገድ ይዞ መጥቷል። ሆኖም ሰኞ ገበያን የመሰለ ቦታ ሁሉንም ለየብቻ ለማስሄድ ስፋት የለውም። መለየት ካልተቻለ ፍጥነቱን ማቀራረብ ነው ያለብን።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ በገበያው ክልል ውስጥ ለሁሉም፣ ሳይክልን ጨምሮ፣ ከ30 የማይበልጥ፣ ሰኞ ቀን ደግሞ ከዚያም ያነሰ ፍጥነት ቢወሰን። ምልክት ብቻውን ፍጥነት አይቀንስም፤ በመግቢያውና በመውጫው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ለጉልት ሻጮች ቦታ ሳይሰጡ «እግረኛው መንገዱን ይያዝ» ማለት አይሠራም፤ ነገ ተመልሰው እዚያው ናቸው። ሦስተኛው ለእኛ ለተማሪዎች ነው፤ እንለካ። 50 ሜትር ለክታችሁ ምልክት አድርጉ፣ አንድ መኪና በስንት ሰከንድ እንዳለፈው ያዙ፣ 180ን በሰከንዱ አካፍሉ። የምታገኙት ፍጥነቱ ነው፣ በኪሎ ሜትር በሰዓት። 6 ሰከንድ ከሆነ 30፣ 3 ሰከንድ ከሆነ 60። ከመለካታችሁ በፊት ግን ገምቱና ጻፉ። ግምታችሁ ምን ያህል እንደሚያታልላችሁ ታያላችሁ፤ እኔን አታልሎኛል።

ማጠቃለያ

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል። እኔ ተረቱን በእጄ ሠርቼዋለሁ፤ ያን ቀን ድንቹን አንድ በአንድ የለቀምኩት እኔ ነኝ። ቀድሞ «ሾፌሮች ፍጥነት ይቀንሱ» ብዬ ከሚጮሁት አንዱ ነበርኩ፤ ገደቡ እኔንም እንደሚመለከተኝ ግን አስቤው አላውቅም ነበር።

አሁን ሰኞ ሰኞ ከሳይክሌ ወርጄ እየገፋሁ ነው የማልፈው። እኚያ እናት ክንዳቸው ድኖ ወደ ገበያቸው ተመልሰዋል። ሲያዩኝ ከሩቅ ይስቁና፣ «ዛሬስ አልቸኮልክም?» ይሉኛል። «አልቸኮልኩም፣ እማማ» እላቸዋለሁ።