ዶክ መግዛት መቼ ያዋጣል?

ባሕር ዳር ላይ ዓባይ ማዶ የሚኖር፣ ሥራው ግን ከተማ መሃል የሆነ ሰው ላፕቶፑን አንግቶ በየቀኑ ወንዙን ይሻገራል። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ መንገዱን አቅልሎለታል። ቢሮ ሲደርስ ግን ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል፤ ቻርጀሩን ይሰካል፣ የሞኒተሩን ገመድ ያስገባል፣ ኪቦርዱን፣ ማውዙን፣ የኔትወርክ ገመዱንና ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩን አንድ በአንድ ያገናኛል። ማታ ሁሉንም ነቅሎ ይወጣል። እንዲህ የሚሠራበት ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው ፖርቱ ነው፤ የቻርጀር መግቢያው ይላላል፣ የሞኒተሩ መሰኪያ በእጅ ካልተደገፈ አላሳይም ይላል። ዶኪንግ ስቴሽን፣ በአጭሩ ዶክ የሚባለው ዕቃ የተሠራው ለዚህ ሰው ነው። ገመዶቹ ሁሉ ዶኩ ላይ እንደተሰኩ ይቀራሉ፤ ላፕቶፑ ላይ የሚገባው አንድ ገመድ ብቻ ነው።

ዕቃው አዲስ አይደለም። አፕል እ.ኤ.አ. በ1992 ፓወርቡክ ዱዎ የተባለውን ትንሽ ላፕቶፕ ሲያወጣ ዱዎ ዶክ የሚባል ሳጥን አብሮት ነበር፤ ላፕቶፑ ተዘግቶ እንደ ቪዲዮ ካሴት ወደ ሳጥኑ ይገባል። ዴልም ለላቲትዩድ ኢ ላፕቶፖቹ ከሥር የሚገጠም ኢ ፖርት የሚባል ዶክ ሠርቶ ነበር። እነዚህ ሁሉ ከራሳቸው ኩባንያ ላፕቶፕ ውጭ አይሠሩም ነበር፤ የዴሉ ለኤችፒ አይሆንም። ነገሩን የለወጠው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ታይፕ ሲ የሚባለው መሰኪያ ነው። መረጃ፣ ምስልና ኤሌክትሪክ በአንድ ቀጭን ገመድ መሄድ ጀመሩ።

ስላይትሊ ዩዝድ ላፕቶፕ የገዛ ሰው በመጀመሪያ ማወቅ ያለበት ማሽኑ ከታይፕ ሲ በፊት የተሠራ ይሁን ወይስ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ላቲትዩድ ኢ6430 ታይፕ ሲ የለውም፤ በ2018 የወጣው ቲንክፓድ ቲ480 ሁለት አለው። ቀዳዳው ስላለ ብቻ ግን ነገሩ አላለቀም። አንዳንዱ ታይፕ ሲ መረጃ ብቻ ያስተላልፋል፤ ሞኒተር አያበራም፣ ላፕቶፑንም አይሞላም። ከቀዳዳው አጠገብ የመብረቅ ምልክት ካለ ብዙውን ጊዜ ምስልም የሚያስተላልፈው፣ ተንደርቦልት የሚባለው ፈጣን ዓይነት ነው፤ የባትሪ ምልክት ካለ በዚያ በኩል ቻርጅ ይደረጋል። ምልክት ከሌለ ደግሞ የላፕቶፑን ሞዴል ቁጥር ይዞ የአምራቹን ማብራሪያ ማንበብ ነው። ይህ የአሥር ደቂቃ ሥራ ብዙ ሺህ ብር ያድናል።

ቀጥሎ የኃይሉ ጉዳይ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ በደንብ ማየት ይገባል። የላፕቶፑን ቻርጀር ገልብጦ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ማንበብ ነው፤ የሚወጣው ኤሌክትሪክ በቮልትና በአምፔር ተጽፏል። 20 ቮልትና 3.25 አምፔር ከሆነ ሁለቱን ማባዛት ነው፤ 65 ዋት ይሆናል። የቢሮ ላፕቶፖች አብዛኛዎቹ እዚህ አካባቢ ናቸው። 19.5 ቮልትና 11.8 አምፔር የሚል ከሆነ ግን 230 ዋት ነው፤ ይህ የጌም ወይም የከባድ ዲዛይን ላፕቶፕ ነው።

በታይፕ ሲ ደንብ የሚፈቀደው ኃይል እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ100 ዋት አያልፍም ነበር። በዚያ ዓመት ደንቡ ተሻሽሎ እስከ 240 ዋት ተፈቅዷል፤ ሆኖም ዶኩም፣ ገመዱም፣ ላፕቶፑም ሦስቱም አዲሱን ደንብ ካልተከተሉ ጥቅም የለውም። ገመዱ ራሱ ቺፕ ከሌለው ከ60 ዋት በላይ አያሳልፍም። ስለዚህ አንድ የሕንፃ ዲዛይነር ባለ 230 ዋት ላፕቶፑን በ100 ዋት ዶክ ላይ ሰክቶ ባለ ሦስት አቅጣጫ (3ዲ) ምስል ሲያሠራ፣ ላፕቶፑ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ወይም ተሰክቶ ሳለ ባትሪው ይወርዳል፤ ጭራሽ ቻርጅ አላደርግም የሚልም አለ። ይህ ሰው ዶክ ቢገዛም የራሱን ከባድ ቻርጀር መያዙ አይቀርለትም። አንድ ገመድ የሚለው ጥቅም ለእሱ አይደርሰውም።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥርም ላፕቶፑ ጋ የሚደርሰው ቁጥር አይደለም። ካልዲጂት ቲኤስ4 የተባለው ታዋቂ ዶክ 230 ዋት አዳፕተር ይዞ ይመጣል፤ ለላፕቶፑ የሚሰጠው ግን 98 ዋት ነው። የቀረው ለዶኩ ለራሱና ለ18ቱ ፖርቶቹ ነው። ዴል ደብልዩዲ19ኤስ 180 ዋት አዳፕተር ያለው ሲሆን ለዴል ላፕቶፕ እስከ 130 ዋት፣ ለሌላ ኩባንያ ላፕቶፕ ግን 90 ዋት ብቻ ይሰጣል። ሻጩ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ እንግዲህ አንድ ነው፤ ለእኔ ላፕቶፕ ስንት ዋት ይደርሰዋል?

ስክሪንም የራሱ ጣጣ አለው። ሁለት ሞኒተር መሰካት የሚችል ዶክ ሁሉ በማንኛውም ላፕቶፕ ሁለት ሞኒተር አያበራም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ኤም1 ቺፕ ያለው ማክቡክ ኤር ከራሱ ስክሪን ውጭ አንድ ሞኒተር ብቻ ነው የሚያሠራው። ገደቡን የሚያልፉት ዲስፕሌይሊንክ የሚባል ቴክኖሎጂ ያላቸው ዶኮች ናቸው፤ እነሱም ሶፍትዌር መጫን ይፈልጋሉ፣ የላፕቶፑን ፕሮሰሰርም ያሠሩታል። ለጽሑፍና ለሒሳብ ሥራ ምንም አይሉም፤ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው አይመከሩም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ባሕር ዳር ላይ ዶክ የሚገዛ ሰው ስለ መብራት ማሰብ አለበት። ከተማዋ ለኃይል ማመንጫ ጎረቤት ናት። የጢስ ዓባይ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1964 ማመንጨት ጀምሯል፤ ከጣና ውኃ የሚቀበለው የጣና በለስ ጣቢያ ግንቦት 2002 ዓ.ም. በ460 ሜጋዋት አቅም ተመርቋል፤ የዓባይ ወንዝም ወርዶ ጉባ ላይ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን ባለ 5,150 ሜጋዋት የሕዳሴ ግድብ ሞልቷል። ማመንጨት አንድ ነገር ነው፤ ሰፈር ድረስ የሚያደርሰው መስመርና ትራንስፎርመር ሌላ ነገር ነው። ክረምት ነጎድጓድ ሲበረታ መብራት ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ሲመለስም ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ይላል።

ላፕቶፕ በዚህ ጊዜ የሚተርፈው ባትሪ ስላለው ነው። ዶክ ግን ባትሪ የለውም። መብራት በጠፋባት ቅጽበት በዶኩ ላይ የተንጠለጠለው ሁሉ አብሮ ይጠፋል፤ ሞኒተሩ ይጨልማል፣ የኔትወርክ ገመዱ ይቋረጣል፣ ፋይል እየጻፈ የነበረው ሃርድ ዲስክም በመሃል ይቆማል። ጉዳቱ የሚከፋው በመጨረሻው ነው፤ በጽሑፍ መሃል የተቋረጠ ዲስክ ፋይል ሊያበላሽ፣ አንዳንዴም ጭራሽ አልከፈት ሊል ይችላል። ያው ትንሽ ዲስክ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ተሰክቶ ቢሆን ኖሮ ከላፕቶፑ ባትሪ እየወሰደ ሥራውን ይጨርስ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፉን ወይም የሠርግ ቪዲዮ ጥሬ ምስል በውጭ ዲስክ የሚያስቀምጥ ሰው፣ ዶክ ቢኖረውም ዲስኩን ከላፕቶፑ ላይ ባያነሳ ይሻላል። ወይም ዶኩንና ሞኒተሩን ባትሪ ባለው ዩፒኤስ በኩል ማስገባት አለበት። 650 ቪኤ የተጻፈበት ትንሽ ዩፒኤስ አብዛኛውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ቢሸከምም ለአንድ የቢሮ ላፕቶፕ፣ ለዶክና ለአንድ ሞኒተር ይበቃል። ብሩ ለአንዱ ብቻ የሚደርስ ከሆነ ዩፒኤሱ ይቅደም።

ዋጋውም ቀላል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። 400 ዶላር የሚያወጣ ጥሩ የተንደርቦልት ዶክ ከ23 ሺህ ብር አካባቢ ወደ 40 ሺህና ከዚያ በላይ ወጣ ማለት ነው። በዚህ ዋጋ ዶክ ለእያንዳንዱ ላፕቶፕ ባለቤት አይመከርም። አንድ አስተማሪ ላፕቶፑን ከፕሮጀክተር ጋር ማገናኘትና ፍላሽ መሰካት ብቻ ከሆነ ፍላጎቱ፣ ጥቂት ፖርቶች ያሉት አነስተኛ የታይፕ ሲ ሃብ ይበቃዋል። አዲስ ሞኒተር ሊገዛ ያሰበ ደግሞ በታይፕ ሲ ላፕቶፕ የሚሞላ ሞኒተር ካገኘ ዶክ ሳይገዛ የዶክን ግማሽ ሥራ ያገኛል።

የሚያዋጣው ለማን ነው? በየቀኑ በአንድ ጠረጴዛ ለረጅም ሰዓት ለሚቀመጥ፣ ከሁለት በላይ ዕቃ ለሚሰካ፣ ላፕቶፑን ግን ማታ ይዞ ለሚሄድና ላፕቶፑ በታይፕ ሲ ከ100 ዋት በታች ለሚሞላ ሰው ነው። ወንዝ ተሻጋሪው የቢሮ ሠራተኛ በዚህ ውስጥ ይገባል፤ ቻርጀሩን ቤት ትቶ ቦርሳውንም ያቀላል። ላፕቶፑ ከቤት ለማይወጣ ሰው ገመዶቹ እንደተሰኩ ስለሚኖሩ ዶክ ትርፍ ወጪ ነው።

ዶኩን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ እንዲያመጣው የሚያስብ ሰው፣ የላፕቶፑን ሙሉ ሞዴል ቁጥርና የሚፈልገውን ዋት ጽፎ ይላክለት፤ ባሕር ዳር ደርሶ አልገጥም ያለን ዕቃ ወደ ውጭ መልሶ መለወጥ ከባድ ነው። እዚሁ የሚገዛ ደግሞ ላፕቶፑንና የሞኒተሩን ገመድ ይዞ ሱቅ ይሂድ። ያገለገለ ዶክ ያለ ራሱ አዳፕተር የሚሸጥበት ጊዜ አለ፤ አዳፕተሩ ላይ ያለው ዋት ከዶኩ ጋር መግጠሙን፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት መቀበሉን ይይ። ከዚያ ዶኩ ተሰክቶ ሞኒተሩ እስኪበራና ላፕቶፑ ቻርጅ ማድረግ እስኪጀምር ይጠብቅ፤ ሻጩ ይህን ካላሳየው አይክፈል።